አትነሺ

የአባቴ ጉድጓድ ከበሩ በስተግራ፣
እስከ ጉልበት ጠልቆ የተማሰ ስፍራ።
እግሩን እዚያ ቀብሮ ሠላሳ ክረምት
ሰው የሚለየው በጫማው ነው፣ ከፊቱ በፊት፤
"ይኸ ባለ ኮንጎ ትናንትም መጥቷል፣
ቀኝ ተረከዙ ግን ዛሬ ተበልቷል።"

እኔ ፈታይ ነበርኩ፤ እንዝርቱ በእጄ፣
"ሽመና የወንድ ነው፣ አትንኪው ልጄ።"
መወርወሪያው በድሩ መሐል ሲመላለስ
ቀሰም ሞላሁለት ዓይኔ እስኪያለቅስ።

ቺዙሩ ከጃፓን ሞላሌ መጣች፣ በጥቅምት፣
የበግ ጠጉር ሥራ ልታግዝ ሁለት ዓመት።
ከሻንጣዋ መሐል አንድ እስር አወጣች፣
"ከአያቴ እናት ነው" ብላ ዘረጋች፤
ጥቂት የቀርከሃ ዘንግ፣ ሰፊ መቀነት፣
ጎራዴ የሚመስል ጠርዙ የሳሳ እንጨት።
አባቴ ቀና ብሎ "ጉድጓዱስ?" ቢላት
"ጉድጓድ የለም" አለች፤ ወደ ግቢው ወሰደችኝ ድንገት።
መቀነቱን ዞራ ከወገቤ አሰረች፣
ሌላውን ጫፍ ወስዳ ከጽዱ ግንድ ጠመጠመች፣
"አሁን አንተ እንጨት ነህ፤ ተቀመጥ፤ ተንፍስ" አለች።

አንተና አንቺ ገና አልተለየላትም።
ጎረቤት ሣቀባት፤ እኔ አላረምኳትም፤
ሃያ ስድስት ዓመት የተዘጋ ደጅ
በአንድ ግሥ ስሕተት ተከፈተ እንጅ
ማን ይከፍትልኝ ነበር?

ወደ ኋላ ስል ድሩ ይወጠራል፣
ወደ ፊት ስል እንደ ሰነፍ ሰው አጥር ይላላል።
ገመዱ ከቀኝ እግሬ፤ ስስበው ግማሹ ዘሃ ይነሣል፣
ስለቀው ይተኛል።
ሳስል ጨርቁ ያስላል፣
ስናደድ ጠርዙ ይጠባል።
በሳምንት አንድ ስንዝር ከግማሽ ሠራሁ፤
ቺዙሩ በጣቷ ነካችው፤ ሙሉውን ስንዝር ፈታሁ።
"አይከፋም" አለ አባቴ ከጉድጓዱ፣
"ለጓሳ ጭላዳ ያንገት ልብስ ይበቃል፤ ውሰዱ።"

ማታ ተጋድሜ እንኳ ወገቤ አያርፍም፤
የሚስበው አጥቶ እንቅልፍ አይወስደኝም።
እናቴ ቅቤ አሽታ "ምጥ ይመስላል" አለች፤
ሰባት የወለደች ሴት ናት፣ ታውቃለች።

በኅዳር፣ ማክሰኞ፣ የዕድሩ ዳኛ መጡ፣
አቶ ሽዋንግዛው፤ ለልጃቸው ሠርግ ጋቢ ሊያስመርጡ።
"ኖር!" አለ ግቢው፣ በርጩማ ተገፋ፤
እኔ ብነሣ ድሩ ሊወድቅ፣ ልፋቴ ሊጠፋ፣
እንደታሰርኩ ቀረሁ።
"የቁጢት በጣሽ ዘር!
ቀርቶ ነው ወይ" አሉ "ለትልቅ ሰው ክብር?"
መቀነቱን ልፈታ እጄን ስሰድ፣ ከበሩ በስተግራ
ከመሬት ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ ፉከራ፤

"አትነሺ።"

ሌላ አልጨመረም። መወርወሪያው ቀጠለ።
ሠላሳ ዓመት ለማን ተነሥቶ ያውቃል፣ እግሩ መሬት ያለ?
ዳኛው ቆመው ቆመው
በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ከዓይኔ እኩል ዋለ።

ክረምት ሲገባ ጽዱ ያንጠባጥባል፤
ቤታችን የድንጋይ ነው፣ ግድግዳው ገመድ የት ይይዛል?
ጉድጓዱም ውሃ አቆረ፣ የአባቴ ጉልበት አበጠ፤
ጫፉን ከራሱ ወገብ አሥሮ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።
እሱ ምሰሶ፣ እኔ መሸመኛ፣ መካከላችን ድር፤
በሥራ ሰዓት ፊቱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።
ትንፋሹ በዘሃው ተስቦ ወገቤ ድረስ ይመጣል፤
ነገር ሲያስብ ይጠብቃል፣
ሲረሳው ይላላል።

ቺዙሩ ሄዳለች፣ መቀነቱን ትታልኝ፤
ጨርቁ ሦስት ክንድ ነው፤ ጠርዙ አልቀናልኝ።
ከመሐሉ አለፍ ብሎ አንድ የሳሳ ስፍራ አለ፤
የሚያይ ሰው ሁሉ "እዚህ ጋ ስተሻል" እያለ
በጣቱ ያሳየኛል።
አልሳትኩም። እዚያ ጋ አባቴን
እንቅልፍ ወስዶት ነበር፣
ወደ እኔ አዘንብሎ።